ቀድመው የሚወጡት

በፓርኮች መሥሪያ ቤት የመረጃውን ሥራ የምትሠራው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ባልደረቦቿ «ዳታዋ» ይሏታል። ቤተሰቦቿ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሚጣ ማለት ስለለመዱ፣ ሠላሳን ከተሻገረች በኋላም ሚጣ እንደተባለች ቀረች። ያደገችው ታችኛው ሰፈር፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከተያያዙት ቤቶች በአንዱ ነው። ሥራ ስትይዝ ላይኛው ሰፈር፣ ለቢሮዋ የሚቀርብ ቤት ተከራየች። ቢሮ ውስጥ የት እንዳደገች የጠየቃት የለም፤ እሷም ሳትጠየቅ አልተናገረችም። ደበቀች አይባልም። ግን የታችኛው ሰፈር ነገር በተነሳ ቁጥር «እነሱ» ስትል ራሷን ሰምታ ታውቃለች።

መሥሪያ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በሐይቅ ዳር ያለ ጫካ ያስተዳድራል። በሞቃቱ ወራት ሰዎች እዚያ ድንኳን ተክለው፣ ዋኝተው፣ እሳት አንድደው ያድራሉ። ድሮ ቦታው የሚያዘው በኢንተርኔት ሲሆን ምዝገባው የሚከፈተው በሥራ ቀን ጠዋት ነበር። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ሻዩን ሳይጨርስ ቦታውን ይይዛል፤ መሪ የጨበጠ፣ ማሽን ላይ የቆመ፣ በሽተኛ የሚያገላብጥ ሰው ግን ቀና ሲል ሁሉም አልቋል። ሚጣ ይህን ያወቀችው የተመዝጋቢዎቹን አድራሻ ካርታ ላይ በነጥብ በነጥብ ስታስቀምጥ ነው። ላይኛው ሰፈር ኩፍኝ እንደወጣበት ሕፃን በቀይ ነጥብ ተዥጎርጉሮ፣ ታችኛው ሰፈር ደግሞ ታጥቦ እንደተደፋ ሳህን ንጹሕ ሆኖ አገኘችው።

ካርታውን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ገባች። ብዙ ተከራክራ በመጨረሻ ሽሚያው ቀርቶ በዕጣ ሆነ። የፈለገ ሰው በስልክም ቢሆን ይመዘገባል፤ ኮምፒውተሩ ያወጣል። ቅዳሜና እሑድም እስከ ሐይቁ የሚደርስ አውቶቡስ ተመደበ። በሥራ ዘመኗ እንደዚያ የኮራችበት ነገር አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ቀያዮቹ ነጥቦች ከሐዲዱ ማዶም ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ አለች።

ደስታዋ ግን አልዘለቀም። ሰዎቹ መቼ ገብተው መቼ እንደወጡ ስትመለከት፣ ከታችኛው ሰፈር የሄዱት አብዛኞቹ የተፈቀደላቸውን ቀን ሳይጨርሱ፣ አንድ ሌሊት አድረው በማግሥቱ ይወጣሉ። ዓመቱ ሲዞርም እንደገና የሚመዘገበው ጥቂት ነው። ይህንንም ለአለቃዋ አሳየችው። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዕጣውንም ከልቡ ነው የደገፈው። አሁን ግን ትከሻውን ሰበቀ።

«ዕድሉን ሰጠናቸው፤ አልተመቻቸውም» አላት። «ሰውን በግድ ጫካ አይሰዱትም።»

ከዚያም ሐሳቡን ነገራት። ውሃው ዳር ያሉት ሰፋፊ ቦታዎች ለትልልቅ ቤተሰብ የተከለሉ ናቸው። እነሱን የሚጠይቁት በብዛት የታችኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አያትና አክስት፣ እኅትና ምራት ይዘው ስለሚሄዱ። በማግሥቱ ጥለዋቸው ከሄዱ ግን ቦታዎቹ ባዶ ይውላሉ። ስለዚህ ተሸንሽነው ለሁለት ለሁለት ሰው ድንኳን ቢሰጡ ይሻላል። «የሐይቁ ወዳጆች» የሚባለው ኮሚቴም ይህን ሲወተውት ቆይቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከልጅነቱ ጀምሮ ሐይቁ ዳር ሳይከርም የቀረበት ዓመት የሌለ የጥርስ ሐኪም ነው። ነገሩ በወቅቱ ማብቂያ በስብሰባ ይወሰናል፤ ቁጥሩን የምታቀርበው ሚጣ ናት።

ቁጥሩ ልክ እንደሆነ ታውቃለች። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን አታውቅም። «አንድ ጊዜ ሄጄ ልየው» አለች፤ አለቃዋም ፈቀደላት።

በዚያው ሰሞን ለወንድሟ ዕጣ ወጣለት። ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ታላቋ ነው። እናታቸው አንድ ቀን በቴሌቪዥን ሐይቅ አይታ «ይሄ እኛ ከተማ ነው ያለው?» ስላለች፣ ለማንም ሳይናገር ተመዝግቦ ኖሮ ቦታው ሲደርሰው ለእኅቱ ደወለላት። ሚጣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ አለች። ሁለቱን ነገር በአንድ ጉዞ የምትጨርስ መስሏታል።

እናቷ ዕድሜዋን የጨረሰችው በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ነው። እዚያ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ ካልጮኹ የሚሰማ ስለሌለ፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም ድምጿ አልበረደም። «ጨው አቀብሉኝ» ስትል ጎረቤት ይደነግጣል። ጆሮዋም ደከም ብሏል፤ ወንድሟ ግን «እናታችን የማይሰማት የሚነገራት ነው እንጂ የሚወራባትስ ይሰማታል» ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ ከጓደኛው በተዋሰው ሚኒባስ መጣ። ሚጣ ስትገባ ዕቃውን አየች። እናቷ ትልቁን ድስት፣ የጥጥ ፍራሹን፣ የሳሎኑን የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ጆንያ ድንች፣ ትራስ ሳይቀር አስጭናለች። ሚጣ ራሷ አንድ ቀለል ያለ ድንኳንና ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ነበር የያዘችው። «እማዬ፣ ቤት ልትቀይሪ ነው እንዴ?» አለች እየሳቀች። ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ አላለፈም። ሐይቁ ዳር ያሉት ሰዎች ያን ድስት ሲያዩ ምን እንደሚሉ ከወዲሁ እያሰበች ጆሮዋ ጋለ።

ከነሱ ጋር የወንድሟ ትንሽ ሴት ልጅም አለች፤ የልጅቷ እናት ሥራ ላይ ተረኛ ስለሆነች አልመጣችም።

ሲደርሱ ቦታቸው ከውሃው አፋፍ ላይ ነበር፤ ያማረ ቦታ። እናቷ ከመኪናው ወርዳ ሐይቁን ፊት ለፊት ስታየው፣ ዕቃውን ረስታ ወደ ውሃው ሄደች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ከተተች። «ይሄ ሁሉ ውሃ፣ የሚታጠብ ልብስ ሳይኖርበት» አለች።

ድንኳን የመትከሉ ነገር ግን አልሳካ አለ። ሚጣ ስለ ድንኳን ቦታ ብዙ ታውቃለች፤ ድንኳን ተክላ ግን አታውቅም። ወንድሟ አንዱን ዘንግ ሲያቆም ሌላው ይወድቃል፤ ካስማውን ሲመታ ድንጋይ ያገኘዋል። በመጨረሻ ጨርቁ ራሱ ላይ ተጠምጥሞበት «እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ እንጂ ጃንጥላ አልሰፋም!» ሲል እናቷ ሳቀች። ያ ሳቅ ሆስፒታል ሙሉ ማሽን ሲያሸንፍ የኖረ ሳቅ ነው። ውሃው ተቀብሎ ማዶ አደረሰው። በየድንኳኑ ደጃፍ መጽሐፍ የያዙ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑ ሰዎች ቀና ቀና አሉ።

ሚጣ እናቷ ጆሮ ሥር ገብታ «እማዬ፣ ቀስ በይ፤ ሰው አለ» አለቻት።

«እኛስ ምንድን ነን ልጄ?» አለች እናቷ፣ ሳቋ ገና ፊቷ ላይ እንዳለ።

ብዙም ሳይቆይ የቦታው ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፤ ንግግሩም ትሑት ነው። ድምፅ ቀነስ ቢያደርጉ ብሎ አሳስቦ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ እናቷ ድስቱን ቧንቧው ጋ ስታለቀልቅ አይቶ እንደገና መጣ፤ እዚህ ዕቃ አይታጠብም አላት። እሷም አላወቅሁም ልጄ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ሦስተኛ ሲመጣ ወንበሮቹ ከመስመሩ ወጥተዋል ብሎ ነው። በዚህ መሐል ከወደ ቀኝ ያሉት ወጣቶች ጊታር እየመቱ ይዘፍናሉ፤ ከወደ ግራ ያሉት ሰዎች ሳህኖቻቸውን እዚያው ቧንቧ ላይ አጥበው ሄዱ። ተቆጣጣሪው አጠገባቸው አልፎ ነው ወደነ ሚጣ የሚመጣው። ሚጣ ደንቡን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ሲጻፍም ነበረች። «ጊታሩንስ?» ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን በመጣ ቁጥር ብድግ እያለች «እሺ፣ እናመሰግናለን» ትለዋለች። ወንድሟ ታዘባት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነገሩ ተረጋጋ። ሻይ ፈላ። እናቷ ከድስቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች፤ ትንሿ እግሯ ሥር ሆና ልጣጩን እንደ አምባር እጇ ላይ ትጠመጥማለች። ያኔ ነው ውሻ ያስከተለ አንድ ሽማግሌ፣ በነጭ ቁምጣ፣ በመንገዱ ሲያልፍ ቆም ያለው። የጥርስ ሐኪሙ ነበር።

«አንቺ የመሥሪያ ቤቱ ልጅ አይደለሽም?» አላት። «ዳታዋ!»

ሚጣ እንደ ተማሪ ተነስታ ቆመች። «ነኝ፤ እንደምን ዋሉ?»

ሐኪሙ እጇን ጨበጣት፤ በደንብ ነው የተደሰተው። ስለ አየሩ፣ ስለ ውሃው ቅዝቃዜ ጥቂት ተጫወተ። ከዚያ ዓይኑ ድስቱ ላይ፣ ፍራሹ ላይ፣ የተጣመመው ድንኳን ላይ አረፈና «ከማን ጋር ነሽ? ዘመዶችሽ ናቸው?» ብሎ ጠየቃት።

ተራ ጥያቄ ነው፤ ክፋት የለበትም። «እናቴ ናት» ማለት ብቻ በቂ ነበር። ሚጣም ኋላ ብዙ ጊዜ እንዳሰበችው፣ አፏን ስትከፍት ያንኑ ልትል መስሏት ነበር።

«አይ፣ ለሥራ ነው» አለች። «ለጥናቱ። ከታችኛው ሰፈር ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ናቸው። እንዴት እንደሚሆኑ ልይ ብዬ ነው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሐኪሙ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ጎሽ፣ በዓይን ማየት ጥሩ ነው» አለ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከቀትር ጀምሮ ጩኸት ነበር እኮ። ክፋት የላቸውም፤ አልለመዱትም እንጂ።»

«አዎ፣ አልለመዱትም» አለች ሚጣ።

የእናቷ ቢላ ድንቹ ላይ ቆመ። ሚጣ ዞራ አላየችም፤ ግን መቆሙን ሰማችው። እናቷ ቀስ ብላ ተነሳች፤ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። ሚጣ የምትጮህ መሰላት። ይሄን ጊዜ «ምን አልሽ አንቺ?» ብትላት፣ ሰው ፊት ብታዋርዳት፣ ዕዳዋ እዚያው ያልቅ ነበር። እናቷ ግን መጀመሪያ ለሐኪሙ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ሻይ አለ፤ ይቀመጡ» አለችው፤ ድምጿ ሚጣ ሰምታው በማታውቀው ልክ ዝቅ ብሏል። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «እርስዎም የኔ እመቤት፣ ከመጡ ጀምሮ ቆመው ነው የዋሉት። ይህቺን ወንበር ይውሰዱ።»

ወንበሩን በሁለት እጇ አቀረበችላት። ሚጣ ተቀመጠች። ምን ታድርግ? ትንሿ ልጅ አንዴ አያቷን አንዴ አክስቷን አየችና «አያቴ፣ ለምንድን ነው...» ብላ ስትጀምር፣ አያቷ እጇን ይዛ «ነይ ውሃ እንቅዳ» ብላ ወሰደቻት። ወንድሟ ከጫካው የለቀመውን እንጨት ታቅፎ ሲመጣ ይህን ሁሉ ሰምቷል። እንጨቱን መሬት ላይ አኖረና ጀርባውን ሰጥቶ ውሃውን ማየት ጀመረ።

ሐኪሙ ሻዩን ጠጣ፤ አመሰገነ። ሲሄድ «ጨዋ ሴትዮ ናቸው» አላት ለሚጣ።

እሱ ከዓይን ሲሰወር ሚጣ ወደ ቧንቧው ሮጠች። እናቷ ባልዲው ሞልቶ እየፈሰሰ ቆማ ታያለች።

«እማዬ...» አለች ሚጣ።

እናቷ ዙሪያዋን ቃኘች። «ቆዪ፣ ሰውየው ያይሻል» አለቻት።

መሸ። ድንቹ ተበላ። እናቷ ራሴን አሞኛል ብላ በጊዜ ገባች፤ ወንድሟ ልጁን ታቅፎ መኪናው ውስጥ ተኛ። ሚጣ እናቷ አጠገብ ተጋደመች። እናቷን እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ታውቃለች፤ እናቷም የሷን ታውቃለች፤ ሁለቱም የተኙ መስለው አደሩ። ሚጣ አንድ ሺህ ጊዜ ልትናገር አሰበች። ለውሸቱ ጊዜ ያልተያዘው ምላሷ ግን አሁን ሲፈለግ ተሳሰረ።

ጎሕ ሲቀድ እናቷ ፍራሹን ጠቅልላ፣ ድስቱን በጨርቅ ቋጥራ ጨርሳ ነበር። የቀሩት ቀኖች እንዳሉ ማንም አላነሳም። ትንሿ ብቻ «ገና እኮ አልዋኘሁም» ብላ አለቀሰች። መውጫው በር ላይ ያው ወጣት ተቆጣጣሪ የመኪናውን ታርጋ አይቶ በእጁ የያዘው መዝገብ ላይ ምልክት አደረገ፤ ደህና ግቡ አላቸው። ለምን ትሄዳላችሁ ብሎ አልጠየቀም። እንዲጠይቅ የሚያዘው የለም። ሰዎቹ የሚወጡበት ቀን እንዲመዘገብ ያደረገችው ሚጣ ናት፤ ምክንያታቸው እንዲጠየቅ ግን አስባ አታውቅም።

ወንድሟ መጀመሪያ እሷን ቤቷ አደረሳት። እናቷ በመስኮት «በይ ደህና ዋይ፤ የሚበላ አብስለሽ ብዪ» አለቻት፤ እንደ ድሮው በ«አንቺ»። ተቆጥታ ቢሆን ይሻላት ነበር። ወንድሟ ቦርሳዋን ይዞላት እስከ ደረጃው መጣ።

«ከእንግዲህ እኛ ቤት ለጥናት የምትመጪ ከሆነ ቀድመሽ ደውዪ» አላት። «ልጄ 'አክስቴ' እንዳትልሽ እነግራታለሁ።»

መልሱን ሳይጠብቅ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ሚጣ ታችኛው ሰፈር ሳትሄድ ሳምንታት አለፉ። ለእናቷ ትደውላለች፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ተባብለው ስልኩ ይዘጋል። ቢሮ ውስጥ የወቅቱን መረጃ ስታጠናቅር የወንድሟ ምዝገባ ከሌሎቹ መሐል ወጣ። የቤተሰብ ቦታ፣ ታችኛው ሰፈር፣ ቀድመው የወጡ። የሷ እናት እንደዚህ ሆና ነው ሠንጠረዡ ውስጥ የገባችው፤ ከበላይዋና ከበታችዋ ባሉት መስመሮች እንዳሉት ሁሉ። ሚጣ እነዚያን ሁሉ እንደ ቁጥር ስትደምራቸው ኖራለች። አሁን በያንዳንዳቸው ፊት አንድ ያላየችው ማታ እንዳለ ታሰባት፤ አንድ ሳቅ፣ አንድ «ቀስ በይ»፣ ማለዳ የተጠቀለለ ፍራሽ። የሌሎቹን አታውቅም። የራሷን ግን ታውቀዋለች፤ እናቷን ከሐይቁ ያስወጣት ተቆጣጣሪው አይደለም፣ ሐኪሙም አይደለም።

ሪፖርቱን ስትጽፍ እዚህ ቦታ ላይ እየደረሰች ትቆማለች። አንድ ጊዜ «ተጠቃሚዎቹ ምቾት እንዳልተሰማቸው ታዝበናል» ብላ ጻፈች። አነበበችውና ሰረዘችው። «ታዝበናል» የሚለው ቃል ፊቷን አቃጠላት።

ስብሰባው በትልቁ አዳራሽ ተደረገ። አለቃዋ፣ የክፍል ኃላፊዎች፣ የኮሚቴው አባላት ጠረጴዛውን ከበዋል፤ የጥርስ ሐኪሙም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ሚጣ ፕሮጀክተሩን አብርታ ካርታዋን አሳየች። ዕጣው ምን እንደለወጠ፣ ሰዎቹ እንዴት ቀድመው እንደሚወጡ በተርታ ተናገረች። አለቃዋም ቀጠለና ቦታዎቹን የመሸንሸኑን ሐሳብ አቀረበ። ሐኪሙ እጁን አነሳ። ዳታዋ ራሷ ቦታው ድረስ ሄዳ፣ ሰዎቹን በዓይኗ አይታ መመለሷን እሱ ምስክር መሆኑን ተናገረ። «ምን እንዳየች ትንገረን» አለ፤ ቀና ልብ ነው ያናገረው።

ሁሉም ወደ ሚጣ ዞሩ።  ወረቀቷን አየች፤ ወረቀቷ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

«ያን ቀን ሻይ የሰጡዎት ሴት እናቴ ናት» አለችው ለሐኪሙ።

አለቃዋ ከወረቀቱ ቀና አለ።

«እንጨት ይዞ የቆመው ወንድሜ ነው። ልጅቷም የሱ ልጅ ናት። ታችኛው ሰፈር ተወልጄ ነው ያደግሁት። ሲጠይቁኝ አፍሬ ነው ለጥናት ነው ያልኩዎት። በማግሥቱ ጠዋት ሄዱ። እዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ አልተመቻቸውም ከተባሉት ውስጥ አሉ።»

ሐኪሙ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ እጁ ላይ አገላበጠው፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ሴትየዋን በአክብሮት እንዳነጋገራቸው፣ ክፉ ቃል እንዳልወጣው ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አዎ፣ እርስዎ ጨዋ ነበሩ» አለች ሚጣ። «የካድኳት እኔ ነኝ። ይሄን የማወራው ግን እንዲታዘንልኝ አይደለም። ሐይቁን ጠልተው ነው የሄዱት ብለን ልንወስን ነው። እናቴ ሐይቁን አልጠላችውም። ሌሎቹ ለምን እንደሄዱ ደግሞ አላውቅም፤ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሳልጠይቅ የሰጠኋችሁን ቁጥር ይዛችሁ ቦታውን አትሸንሽኑት።»

ተቀመጠች። ልቧ ቀለል ይላታል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። እንዲያውም እናቷን በሰው ፊት ሁለተኛ ጊዜ ያወጣቻት መሰላት። ያለ ፈቃዷ ክዳት ነበር፤ ያለ ፈቃዷ ደግሞ ታሪኳን ለማታውቃቸው ሰዎች ተናገረች። ከስብሰባው ስትወጣ አንዲት ባልደረባዋ ትከሻዋን ዳሰስ አደረገቻት፤ ሌላኛዋ ሰላም ሳትላት አለፈች። አለቃዋ ኮሪደሩ ላይ ይዟት ይህን ቀድማ ለሱ ብትነግረው መልካም እንደነበር ነገራት። ልክ ነው አለችው።

ውሳኔው ለዓመት ተላለፈ። ሚጣም ቀድመው ለወጡት ቤተሰቦች አንድ በአንድ እየደወለች እንድትጠይቅ ታዘዘች። ብዙዎቹ ስልኩን አላነሱም፤ ካነሱትም አንዳንዶቹ «ኧረ ጥሩ ነበር፣ ሥራ ስላለብን ነው» ብለው ዘጉ። ያ ንግግር ምን እንደሚሸፍን ታውቃለችና አልገፋቻቸውም። አንድ አናጺ ዝናብ ድንኳናቸውን እንዳፈረሰውና ዙሪያው ያለው ሰው ቆሞ እንዳየው ነገራት። አንዲት ሴት የአውቶቡሱ መመለሻ እሑድ ጠዋት ብቻ ስለሆነ እንደሄደች ተናገረች፤ ይህን ሚጣ አስባው አታውቅም ነበር። አንድ አባት ልጆቹ ሲሮጡ ተቆጣጣሪው ደጋግሞ ስለመጣ ነው አለ፤ «ማንም አልሰደበንም፤ ግን ሰው እንደሚያየን ሆነን አደርን» አላት። ሚጣ ይህን እንደ ቃሉ ጻፈችው።

ከዚህ የተነሳ ጥቂት ነገር ተስተካከለ። የአውቶቡሱ ሰዓት ተጨመረ። ዕቃ ማጠቢያ ተሠራ። ሰፋፊዎቹ ቦታዎችም ሳይነኩ ቀሩ። የጥርስ ሐኪሙ ከኮሚቴው አልወጣም፤ የይቅርታ ደብዳቤም አልጻፈም። ሚጣን መንገድ ላይ ሲያገኛት ግን ከቀድሞው ረዘም አድርጎ ሰላም ይላታል፤ እሷም ታፍራለች፤ እሱም ያፍራል።

እናቷ ቤት የሄደችው ከስብሰባው በኋላ ባለው እሑድ ነበር። ወንድሟ በሩን ከፈተላት፤ ልጁን ይዞ ወጣ። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ሚጣ እግሯ ሥር ወደቀች።

«ተነሺ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል» አለች እናቷ። ሚጣ ግን አልተነሳችም። ይቅርታ ጠየቀች፤ ቢሮ ውስጥ የተናገረችውንም ነገረቻት። እናቷ አንሶላውን እያጠፈች ሰማቻት።

«እኔ 'እርስዎ' ያልኩሽ ልቀጣሽ መስሎሽ ነበር?» አለቻት።

«አይደለም እንዴ?»

«ውሸትሽ ሰውየው ፊት እንዳይገለጥብሽ ብዬ ነው። ልጄ በትልልቅ ሰው ፊት ከምታፍር እኔ ሌላ ሴት ብሆን ምን ይጎድልብኛል ብዬ ነው።»

ሚጣ ፊቷን በእናቷ ጉልበት ሸሸገች። ከተቆጣ ሰው ምሕረት መጠየቅ ይቻላል፤ ይሄን ግን በምን ቃል ትመልሰዋለች?

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች እናቷ። «የእናት ቂም ውሎ አያድርም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ካልነገርኩሽ ስለማታውቂው። ከዚያ ቀን ወዲህ ታክሲ ውስጥ ሳወራ ድምፄን እሰማለሁ። ገበያም ስሄድ እሰማዋለሁ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰምቼው አላውቅም ነበር።»

«እማዬ፣ ድምፅሽ ምንም አልሆነ።»

«አውቃለሁ። ግን እሰማዋለሁ።»

ሚጣ በሚመጣው ዓመት እንደገና እንሂድ፣ እኔው ራሴ ለሁሉም እናቴ ናት እያልኩ ላዙርሽ አለቻት። እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ውሃው ጥሩ ነው፤ ልጆቹን ውሰዷቸው አለች፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። ንግግሯ ውስጥ ቂም አልነበረበትም፤ ተስፋም አልነበረበትም።

ከዚያ ሌላ ወሬ አነሳች፤ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ጎረቤቲቱ አዲስ ሙሽራ። ሚጣ ከመሬት ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የትራሱን ልብስ አንስታ ማጠፍ ጀመረች። እናቷ የምታወራው በዝግታ፣ በለሆሳስ ነበር። ሚጣ ቃሉ እንዳያመልጣት ጎንበስ ብላ ትሰማታለች።